ወይራና ፕሮሶፒስ በቶርኖ፦ የድሬን ሙቀት የሚችል ሳህን አሠራር

ከአራት ዓመት በፊት ሐረር ላይ አንድ የወይራ ሳህን ሠራሁ። ስፋቱ 22 ሴንቲ ሜትር ነበር። ቡናማውና ጥቁሩ መስመር እርስ በርሱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ዓይን አይጠግበውም። ድሬዳዋ ለምትኖረው አክስቴ የቡና ቁርስ ማቅረቢያ ይሆናታል ብዬ ሰጠኋት። ወር ሳይሞላ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ሙት እኔ አልጣልኩትም። ሌሊት ቷ ብሎ በራሱ ነው የተሰነጠቀው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ሐረር ላይ ደርቋል ያልኩት እንጨት ለድሬ ገና እርጥብ ነበር።

ሐረር ከ1,850 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ደንገጎን ስትወርዱ ግን የመኪናውን መስኮት መክፈታችሁ አይቀርም። እንጨትም ይህን ለውጥ ያውቀዋል። አየሩ ሲደርቅ ውስጡ የቀረውን እርጥበት ይለቃል። ሲለቅ ይሸበሸባል። እኩል ካልተሸበሸበ ይሰነጠቃል። እዚህ አገር ጠንካራ እንጨት በቶርኖ (እንጨቱን እያዞረ በመሮ በሚያስቀርጸው ማሽን) መቅረጽ የፈለገ ሰው ከመሮ አያያዝ በፊት ይህን መረዳት አለበት። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ማድረቅ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሱኝ።

ሁለት ነገር እንሠራለን። መጀመሪያ ለእጅ ማፍታቻ ከቡና ግንድ ዘነዘና እናወጣለን። ቀጥሎ ሳህኑን እንሠራለን።

የትኛው እንጨት?

ስለ አፍሪካ ጠንካራ እንጨት ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ዞጲ ነው። ይገባዋልም። የውስጡ ቀለም ወደ ጥቁር ያደላ ሐምራዊ ነው። ውሃ ውስጥ ብትከቱት ይሰምጣል። ክላርኔትና ኦቦ የሚባሉት የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚሠሩት ከሱ ነው። ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ይታወቁበታል። በኛም አገር ቆላ ይበቅላል። ነገር ግን ለሥራ የሚበቃ ውፍረት እስኪይዝ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይትስ በሚባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። የዞጲ ዕቃ ለሽያጭ ወደ ውጭ መላክ ያሰበ ሰው ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ለጀማሪ ዞጲ አልመክርም። አንድ ቀን በጃችሁ ቁራጭ ከገባ ለቢላ እጀታ ወይም ለመቁጠሪያ አስቀምጡት።

እኔ ልቤ ያለው ወይራ ላይ ነው። ከባድ ነው፣ ጅማቱ ደቃቅ ነው፣ ቅባት አለው። (ጅማት የምለው በግንዱ ቁመት የሚሄደውን ክር መሰል ነገር ነው።) ስትቀርጹት ቤቱ የወተት ዕቃ የታጠነበት ቀን ይሸታል። ሐረር ገበያ ላይ ወይራ ለማጠኛ እየተፈለጠ ይሸጣል። ገና ያልተፈለጠ ወፍራም ቁራጭ ካላቸው ሻጮቹን ጠይቁ። እኔ ጥሩ ጥሩውን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ሌላው ምንጭ የሚፈርስ አሮጌ ቤት ነው። 50 ዓመት ጣሪያ ተሸክሞ የኖረ የወይራ ምሰሶ ከተገኘ ግማሹ ድካም ቀረ ማለት ነው። ሚስማሩን ግን አንድ በአንድ ነቅላችሁ ጨርሱ።

የወይራ ችግር አንድ ነው። ሲደርቅ መሰንጠቅ ይወዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚንቀውን እንጨት ላንሳ። ፕሮሶፒስን። በድሬዳዋ ዙሪያና ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ግጦሹን የወረሰው እሾሃም ዛፍ ነው። መነሻው ላቲን አሜሪካ ነው እንጂ የአፍሪካ አይደለም። አርብቶ አደሩን ያስለቀሰ ተክል መሆኑን አውቃለሁ። ለቶርኖ ግን ከሱ የተሻለ የጀማሪ እንጨት አላገኘሁም። አብዛኛው እንጨት ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚሸበሸበው ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚሸበሸበው እጥፍ ያህል ነው። ክብ የነበረው ሳህን ሞላላ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፕሮሶፒስ ግን በሁለቱም አቅጣጫ የሚሸበሸበው ጥቂት ነው፤ ልዩነቱም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ብዙም አይጣመምም፣ ብዙም አይሰነጠቅም። ቀለሙ ቀይ ቡናማ ነው፣ ዳሩ ላይ ቢጫ ጠርዝ አለው። የሚቆርጠውም ደን አያራቁትም። ወፍራም ግንድ ብርቅ ነው። ከሰል የሚያከስሉትን ሰዎች ብትጠይቁ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን ለይተው ያስቀምጡላችኋል። እሾሁ ክፉ ነው። ከወጋ ያሳብጣል። ወፍራም የቆዳ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት።

የቡና ግንድም አለ። ሐረርጌ ውስጥ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ያረጀ ቡና ደግሞ እንዲታደስ ይጎነደላል። ግንዱ ማገዶ ይሆናል። እኔ ያሳዝነኛል። እንጨቱ ቢጫ ነጭ፣ ድፍን፣ ጠንካራ ነው። ቀጭን ስለሆነ ሳህን አይወጣውም። ዘነዘና ግን ይወጣዋል። የሐረር ቡናን በቡና እንጨት መውቀጥ ደግሞ የራሱ ደስታ አለው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ዋንዛ ቀላልና ለስላሳ ነው። ከበሮ የሚሠራበት እንጨት ስለሆነ እጅ ማፍታቻ ይሆናል። ሁመር (ሮቃ የሚሉትም አሉ) እጅግ ጠንካራ ነው፣ መሮን ቶሎ ያደንዛል። ድሬ ከዚራ ሰፈር ላይ ጥላ የሚሰጠን ኒም በቀላሉ ይቀረጻል፤ መራራ ስለሆነ ግን ለምግብ ዕቃ አልጠቀምበትም። ማንጎ ያምራል፣ ነገር ግን ቶሎ ይነቅዛል።

አንድ ነገር አደራ። ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስማቸው የተጠቀሱ ዛፎች ነበሩ። ግንድ ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ሻጩ መልሱን ከሸሸ ተዉት።

ማድረቅ፦ ችኮላ የማይወድ ሥራ

ግንዱ በተቆረጠበት ቀን የሁለቱን ጫፎች ፊት ሰም ቀቡ። ነገ አይባልም። ውሃ በጫፍ በኩል የሚወጣው በጎን ከሚወጣው ከአሥር እጥፍ በላይ ፈጥኖ ነው። ጫፉ ቀድሞ ይደርቅና ይሸበሸባል። መሃሉ ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይሄድም። ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው። የቀለጠ ሻማ ይበቃል። ሻማውን በቆርቆሮ ጣሳ አድርጋችሁ ጣሳውን ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቅልጡት። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፣ ይያያዛል። በብሩሽ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ። ከፊቱ አልፎ በጎኑም ሁለት ጣት ያህል ይውረድ።

ቀጥሎ ግንዱን መሃል ለመሃል ሰንጥቁት። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጥብ እምብርቱ ናት። እምብርቱ ያለበት እንጨት ይዋል ይደር እንጂ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ እምብርቱ በሁለቱም ግማሽ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። ከዚያ መስመር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉ። መጣሉ ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ሆኖም የአክስቴ ሳህን ስንጥቅ የተነሳው ካልጣልኩት እምብርት ነበር።

አሁን ሁለት መንገድ አላችሁ። ግንዱን እንዳለ አስቀምጦ መጠበቅ አንዱ ነው። በየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚባል የቆየ ልማድ አለ። 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ቁራጭ ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው። ሁለተኛው እኔ የምከተለው ነው። ሳህኑ እርጥብ እያለ በወፍራሙ ይቀረጻል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ እንደገና ቶርኖ ላይ ወጥቶ ይጨረሳል። የሚደርቀው ግንዱ ሳይሆን ግድግዳው ብቻ ስለሆነ ዓመታቱ ወደ ወራት ያጥራሉ። የመጀመሪያው ቅርጽ ግድግዳ ውፍረት የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል ይሁን። ለ22 ሴንቲ ሜትር ሳህን 2.2 መሆኑ ነው። ለወይራ 2.5 አደርገዋለሁ፤ ሲጣመም ትርፍ ይኑረኝ ብዬ።

ወፍራሙን ሳህን ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ካርቶን ውስጥ ክተቱት። ክዳኑን ግጠሙ። ካርቶኑ ነፋስ የማያገኘው ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሆንም። ቬንትሌተር ፊትም አይሆንም። አልጋ ሥር ጥሩ ቦታ ነው።

መድረቁን የምታውቁት በሚዛን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌላችሁ የሰፈር ባለሱቅ ይመዝንላችኋል። የመጀመሪያውን ቀን ክብደት በእርሳስ ሆዱ ላይ ጻፉ። በየሳምንቱ መዝኑ፣ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል። ኋላ ያዘግማል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያው ክብደት ከሆነ ደርቋል።

ግን «ደርቋል» የምትሉት ለየትኛው ከተማ ነው? ሐረር ላይ የቆመው ክብደት ድሬ ሲወርድ እንደገና መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ ሳህኑ የሚኖረው ድሬ ከሆነ የመጨረሻው አንድ ወር ድሬ ላይ ይለፍ። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ወር ሐረር ቀዝቀዝ ባለው አየር ቀስ ብሎ ይለቃል። ከዚያ በካርቶኑ እንዳለ ድሬ ይወርዳል። ሚዛኑ እዚህ እስኪቆም እጠብቃለሁ። ወዲያው ድሬ ሙቀት ውስጥ ከገባ የወይራ ሳህን ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ፕሮሶፒስ ከመጀመሪያው ድሬ ላይ ቢደርቅ ግድ የለውም።

ቶርኖውና ፍጥነቱ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1902 (እ.ኤ.አ.) የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ ነው። የምድር ባቡር ወርክሾፕ የብረት ቶርኖ ሙያን ለከተማዋ አውርሷታል። ስለዚህ የእንጨት ቶርኖ ተገጣጥሞ ባታገኙም የሚሠራላችሁ ሰው አታጡም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የማይነቃነቅ ከባድ እግር፣ አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ ቺንጊያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ያለው ፑሊ፣ እንጨቱን የሚያዞረው ግንባር፣ ከኋላ የሚደግፈው ጫፍና የመሮ መደገፊያ። እግሩ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫኑበት፣ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል።

ፍጥነቱን በቀላል ሒሳብ ታወጡታላችሁ። የእንጨቱ ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ በደቂቃ ከሚዞረው ጋር ሲባዛ ከ15,000 እስከ 20,000 ቢመጣ ደህና ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሳህን ከ750 እስከ 1,000 ዙር ማለት ነው። ገና ያልተስተካከለ እንጨት ግን በ500 ይጀመር። ሞተራችሁ በደቂቃ 1,400 የሚዞር ከሆነ፣ ሞተሩ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ቶርኖው ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ፑሊ ብታደርጉ 700 ታገኛላችሁ። ለቀጭን ሥራ ሁለቱን እኩል አድርጉና በ1,400 ሥሩ። ቀጭን እንጨት ከዚያም በላይ ይችላል፤ ጀማሪ ግን አያስፈልገውም።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ልብ በሉ። ሽርጥ ታጥቃችሁ ቶርኖ አጠገብ አትቁሙ። ሙቀቱ ቢከብድም ሱሪ ልበሱ። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ረጅም እጅጌ፣ የአንገት ሐብል፣ ቀለበት አይኑር። ቶርኖው እየዞረ ጓንት አይደረግም። ጨርቅ ከተጠመጠመ እጅን ይዞ ይሄዳል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍን መከላከያ አድርጉ፤ መነጽር ብቻውን አይበቃም። ሞተሩን ስታስነሱ ከእንጨቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቁሙ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ማብሪያውን አጥፉ። መብራቱ ድንገት ሲመጣ ቶርኖው በራሱ ይነሳል። እጃችሁ ሳህኑ ውስጥ እያለ ሊሆን ይችላል።

የእንጨት ብናኝ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 (እ.ኤ.አ.) ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። ዞጲ ደግሞ ቆዳን ያሳክካል፣ ወይራም አንዳንዱን ሰው ያስነጥሳል። ጥሩ ማስክ ግዙ። ድሬ ላይ ያለ ቬንትሌተር መሥራት ይከብዳል። ቬንትሌተሩን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ በሩን ክፈቱ፣ ብናኙ ከናንተ ርቆ ይውጣ። ፊት ለፊት ካደረጋችሁት ሁሉንም ሳንባችሁ ውስጥ ያስገባዋል።

መሮ መሳል

ለሁለቱ ሥራዎች አራት መሮ ይበቃል። አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ለማስተካከል፣ አንድ ጠንካራ ጠባብ ጎድጓዳ ለሳህን፣ አንድ ቀጭን ለመቁረጥ፣ አንድ ጫፉ ክብ የሆነ መፋቂያ። ከባሌስትራ ብረት ቀጥቅጠው የሚሠሩ አንጥረኞች አሉ፤ በደንብ ከጠነከረ ይሠራል። ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ መሮ ግን አትግዙ። ሞረድ ተሰባሪ ነው። ሳህን ውስጥ ሲነክስ ለሁለት ይሰበርና ይወነጨፋል።

ጠንካራ እንጨት ስል ይፈልጋል። ሰፊውን ጎድጓዳ በ45 ዲግሪ፣ የሳህኑን በ55 ወይም 60፣ መፋቂያውን በ75 ገደማ ሳሉ። የምትስሉትን ገጽ በማርከር ቀቡት። ድንጋዩ ላይ አንዴ አስነኩት። ማርከሩ ከላይ እስከ ታች እኩል ከተፋቀ አንግሉ ትክክል ነው። ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን አትጫኑት፤ ባሌስትራ ከሆነ ጥንካሬው ይጠፋል። ውሃ አጠገባችሁ ይሁን። ወይራ ስትቀርጹ በየአሥር ደቂቃው ወደ ድንጋዩ መመለስ አለባችሁ። የሰላ መሮ ረጅም ፍቅፋቂ ያወጣል። ብናኝ ብቻ ካያችሁ ደንዟል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ የቡና ዘነዘና

40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ የቡና ግንድ ያዙ። ቀጭን ስለሆነ እምብርቱን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ረዘም አድርጋችሁ አድርቁትና የተሰነጠቀውን ጫፍ ቁረጡ። ስንጥቁ ቁመቱን ሙሉ ከሄደ ለማገዶ ይሁን።

የሁለቱን ጫፍ መሃል በኮምፓስ ፈልጉና በሚስማር ምልክት አድርጉ። የግንባሩን ሹል በእንጨት መዶሻ መትታችሁ አስገቡ። ከኋላ ያለውን ጫፍ አጥብቁ፣ የማይዞር ዓይነት ከሆነ ሰም ቀቡት። መደገፊያውን ከእንጨቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አርቁ። በእጅ አንድ ዙር አዙሩት፤ የሚነካ ነገር ካለ አሁን ይታያል።

ሞተሩን አስነሱ። መሮውን መጀመሪያ መደገፊያው ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ነው ወደ እንጨቱ የሚሄደው። በመጀመሪያ እንጨቱን የሚነካው የመሮው የተሳለ ጀርባ ነው። ገና ሳይቆርጥ ይንሸራተት። ከዚያ እጀታውን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ። ፍቅፋቂ ሲወጣ እዚያ ላይ አቁሙ። ይህን አንድ እንቅስቃሴ እጃችሁ እስኪለምደው ደጋግሙ፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ከጫፍ ጀምሩ፣ ወደ ውጭ እየገፋችሁ ሥሩ። መሃል ላይ ከጀመራችሁ ቅርፊቱ ተፈንቅሎ ይወጣል።

እንጨቱ ክብ ሲሆን የሚወቅጠውን ራስ 5.5 ሴንቲ ሜትር ተዉት። ወደ መያዣው እየቀጠነ 3.5 ላይ ይድረስ። ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ቁረጡ። ሽቅብ ከሄዳችሁ ጅማቱ ይፈነቀላል። ራሱን ድቡልቡል አድርጉት። ጫፉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ሲቀር ቶርኖውን አጥፍታችሁ በመጋዝ ጨርሱት። ራሱን ዘይት አትቀቡት፣ ቡናው ላይ ይወጣል።

ሦስት አራት ዘነዘና ካወጣችሁ በኋላ ወደ ሳህኑ እንሂድ።

ሳህኑ

ከሰነጠቃችሁት ግማሽ ግንድ ላይ 22 ሴንቲ ሜትር ክብ ሥሩና በመጋዝ ማዕዘኖቹን ቁረጡ። ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሳህኑ አፍ ወደ እምብርቱ፣ ቂጡ ወደ ቅርፊቱ እንዲሆን እወዳለሁ፤ የወይራው መስመር በሆዱ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ይወጣል።

አፉ በሚሆነው ፊት ላይ ግንባሩ ላይ የሚገጠመውን ክብ የብረት ሳህን በአራት ቪቴ እሰሩ። ወይራና ፕሮሶፒስ ቪቴ ይሰብራሉ። አስቀድማችሁ በድሪል ብሱ፣ ቪቴውን ሳሙና ቀቡት። የቪቴው ቦታ በኋላ ተቦርቡሮ ስለሚወጣ አትጨነቁ። የኋላውን ጫፍ አስጠግታችሁ ደግፉ።

በ500 ዙር ጀምሩ። ውጭውን ስትቀርጹ ከቂጡ ወደ አፉ ሂዱ። ውስጡን ስትቦረቡሩ ግን ከአፉ ወደ መሃል ነው። አቅጣጫው ከተገለበጠ እንጨቱ ይቦጨቃል። ቂጡ ላይ ቻክ (ግንባሩ ላይ የሚገጠም፣ እንጨት የሚጨብጥ መንጋጋ) የሚይዘው አጭር እግር አውጡ። ስፋቱ የሳህኑን ሲሦ ያህል፣ ቁመቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር። ጎኑና ከሳህኑ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ጥርት ያለ ይሁን፤ ቻኩ የሚጨብጠው እዚያ ነው። ገልብጣችሁ በቻክ እሰሩና ውስጡን ግድግዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር እስኪቀር ቦርቡሩ። እንግዲህ ወደ ካርቶኑ፣ ወደ ሚዛኑ።

ከወራት በኋላ ስታወጡት ሞላላ ሆኗል። አትደንግጡ፣ ትርፉን የተውነው ለዚህ ነው። ጨርቅ የተለጠፈበት ክብ ጣውላ ግንባሩ ላይ እሰሩ። የሳህኑን አፍ እሱ ላይ ደግፉ፣ ቂጡን በኋላው ጫፍ ጫኑት። እግሩን እንደገና ክብ አድርጉት። አሁን ቻክ ይይዘዋል።

ውጭውን መጀመሪያ ጨርሱ። ቅርጹን በዓይን ብቻ አትፍረዱ። ሞተሩን አጥፍታችሁ በመዳፍ ከቂጥ ወደ አፍ ዳብሱት። እጅ ጉብታን ከዓይን ቀድሞ ያገኛል። ቅርጽ መማር ከፈለጋችሁ ጁገል (በግንብ የታጠረችው የጥንቷ ሐረር) ውስጥ ያለ የቆየ የሐረሪ ቤት ግቡና ከስፌቱ ጋር ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ጥቁር የእንጨት ገበታዎች ተመልከቱ። አንድም ትርፍ መስመር የላቸውም። እኔ እነሱን ካየሁ በኋላ ሳህኖቼ ላይ ቀለበት መቁረጥ ተውኩ።

ውስጡን ከመጀመራችሁ በፊት መሃሉን በድሪል ብሱ። ድሪሉ ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ጥልቀቱን ምልክት አድርጉ። ቂጡ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ይቅር። ሳህን ተበስቶ የሚወጣው ይህን የናቀ ሰው እጅ ላይ ነው። ከዚያ የአፉን የመጀመሪያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርሱና ጨርሱ። ወደ ታች ከወረዳችሁ በኋላ አፉን መልሳችሁ በመሮ አትንኩት። ግድግዳው ሲሳሳ ይርገበገባል፣ መሮ ይነክሰዋል። ድምፁንም አድምጡ። ግድግዳው እየሳሳ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። ታች ላይ የቀረውን ሻካራ በመፋቂያው አለስልሱ። የመፋቂያው እጀታ ከጫፉ ከፍ ይበል።

ማለስለስና ዘይት

ብርጭቆ ወረቀት በ120 ጀምሩ። ቀጥሎ 180፣ 240፣ 320፣ 400። ቁጥር አትዝለሉ። ወይራ ሲሞቅ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ፍጥነቱን ወደ 500 መልሱት፣ ወረቀቱ ጣታችሁን ካቃጠለ አቁሙ። ቀትር ላይ ድሬ ውስጥ ይህን ሥራ አትሥሩት። እኔ ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ነው የምሠራው።

ለምግብ ዕቃ የተልባ ዘይት እመርጣለሁ፣ ንጹሑን፣ ቀለም ቤት የሚሸጠውን አይደለም። ተልባ አየር ሲያገኝ ይጠነክራል። የኑግ ዘይት ይዘገያል። የፓልም ዘይት ጭራሽ አይደርቅም፣ ቆይቶ ይሸታል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። 20 ደቂቃ ቆዩና ያልገባውን በሙሉ ጥረጉ። እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ድገሙ። አራት ጊዜ ይበቃል። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ወዳጅ ነው፣ ቶሎ ያደርቀዋል። መጨረሻ ላይ አንድ እጅ የንብ ሰም በአራት እጅ የተልባ ዘይት አቅልጣችሁ አሻሹት።

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ እሳት ይነሳል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል። የተከመረ ጨርቅ ሙቀቱን ያምቀዋል። ሰጋቱራ ባለበት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይም ውጭ ድንጋይ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

እግሩን መጨረሻ ላይ ታወጡታላችሁ። ሳህኑን በጨርቁ ጣውላ ላይ ገልብጣችሁ በኋላው ጫፍ ደግፉት። ቂጡን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ አድርጉ፣ ጠረጴዛ ላይ እንዳይወዛወዝ። የቀረችውን ጉብታ በመሮ ፍቃችሁ ዘይት ቀቡ።

ስትሰጡት ለሰውየው ንገሩት። ቆሎም ፈንዲሻም ይቀርብበታል። ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍ። እርጥብ ጨርቅ ያሳልፉበትና ወዲያው ያድርቁት። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ መኪና ውስጥም አይተው። ሲገረጣ ዘይት ይድገሙለት። ለአክስቴ ሁለተኛውን ሳህን ስወስድላት ከፕሮሶፒስ ነበር፤ ክብደቱ እዚሁ ድሬ ላይ ሦስት ሳምንት ያልተነቃነቀ። ቂጡ ላይ የጻፍኩትን የእርሳስ ቁጥር «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንዳይጠፋ ብላ እስካሁን ያንን በኩል ዘይት አትቀባውም።